የመጀመሪያ የስኪ ጉዟችሁን እንዴት ታቅዳላችሁ?

አብዛኛው ሰው የስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ የመንሸራተት፣ ጉዞ ማቀድ የሚጀምረው ከቦታ ስም ነው። ዜርማት፣ ሻሞኒ፣ ዊስለር፣ ኒሴኮ ይባላል። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ይታያል፣ ክፍሉ ይያዛል። ችግሩ የሚመጣው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ነው። አንዱ በሁለተኛው ቀን ፈርቶ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ሌላው መንገዱ ቀለለኝ ብሎ ይሰለቻል። ሦስተኛው ጉልበቱን ይጎዳና ኢንሹራንሱ እንደማይሸፍነው ሆስፒታል ገብቶ ያውቃል።

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከመካከላችሁ ስኪ የማይችለው ወይም በጣም የሚፈራው ማን ነው? ጉዞውን ለእሱ አመቻቹ። ጎበዙ የትም ቢሄድ የሚንሸራተትበት አያጣም። ጀማሪው ግን ቦታው ካልተመቸው የእሱም የእናንተም ሳምንት ይበላሻል። ቦታው፣ ሳምንቱ፣ ማረፊያው፣ ትኬቱ ሁሉ ከዚህ መልስ ነው የሚመነጨው።

ካርታው ላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

የስኪ ሪዞርት ማለት ሊፍቶችና የተዘጋጁ መውረጃዎች ያሉበት ተራራ ነው። በሊፍት ትወጣላችሁ፣ በስኪ ትወርዳላችሁ። መውረጃው ፒስት ይባላል። ሌሊት ትልልቅ ማሽኖች በረዶውን እየጠቀጠቁ ያስተካክሉታል። ጠባቂዎችም ጠዋት አይተውት ይከፍቱታል፣ ማታ ደግሞ የቀረ ሰው እንዳለ አረጋግጠው ይዘጉታል።

ፒስቶች በቀለም ይለያሉ። አውሮፓ ውስጥ አረንጓዴው በጣም ቀላሉ ነው፣ ሰማያዊው ቀላል፣ ቀዩ መካከለኛ፣ ጥቁሩ ከባድ። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ አረንጓዴን እምብዛም አይጠቀሙም፤ ከሰማያዊ ይጀምራሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቀይ የለም። አረንጓዴ ክብ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር ዳይመንድ፣ ከዚያም ድርብ ጥቁር ዳይመንድ ነው ያለው። ቀለሙ የሚነግራችሁ መንገዱ እዚያው ሪዞርት ውስጥ ካሉት ሌሎች ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። ስለዚህ የአንዱ ተራራ ሰማያዊ ከሌላው ተራራ ቀይ ሊከብድ ይችላል። አዲስ ቦታ ስትደርሱ ከለመዳችሁት አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

ማስታወቂያዎች በኪሎ ሜትር መፎከር ይወዳሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ሌ ትሯ ቫሌ የሚባለው ስፍራ በሊፍት የተያያዙ 600 ኪሎ ሜትር ፒስቶች አሉት። ለሚችል ሰው ግሩም ነው። ጀማሪ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፈው ሁለት ሦስት አጫጭር መንገዶች ላይ እየተመላለሰ ነው። የ600 ኪሎ ሜትር ትኬት ገዝቶ ጥቂቷን መጠቀም ምን ያደርግለታል? ብዙ ሪዞርቶች የጀማሪዎችን ሜዳ ብቻ የሚሸፍን ርካሽ ትኬት ይሸጣሉ። አንዳንዶቹም የመለማመጃ ሊፍቶቹን በነፃ ይለቃሉ። ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

የፒስት ካርታው በሪዞርቱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። አውርዱትና ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቀላሎቹ መንገዶች የት ነው ያሉት? ታች መንደሩ አጠገብ ብቻ ከሆኑ ጀማሪው ሳምንቱን ሙሉ ተራራውን ቀና ብሎ ሲያይ ይከርማል። ከላይም ሰፊ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ካለ ግን ከሌሎቻችሁ ጋር ይወጣል፣ ምሳ አብሮ ይበላል፣ ተራራውንም ያያል። ሁለተኛ፣ ማታ ወደ መንደሩ የሚመልሰው መንገድ ምን ቀለም ነው? ይህን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ በቀላል መንገድ ተደስቶ የዋለ ጀማሪ አመሻሽ ላይ በረዶው የተቦጫጨቀ፣ ሰው የሚተራመስበት ቀይ መንገድ ፊት ሲቆም የቀኑ ደስታ ሁሉ ይጠፋበታል። መመለሻው ከባድ ከሆነ በጎንዶላ፣ ማለትም በተዘጋ ሊፍት፣ መውረድ ይቻል እንደሆነ አጣሩ።

የሊፍቱ ዓይነትም ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጎንዶላ የተዘጋ ሳጥን ነው። ስኪያችሁን አውልቃችሁ ትገባላችሁ፣ ምንም ጣጣ የለውም። ወንበር ሊፍት ሳይቆም መጥቶ ከኋላችሁ ያነሳችኋል፤ እንደተቀመጣችሁ መከላከያውን ዘንግ ወደ ታች መሳብ አትርሱ። ከባዱ ጎታቹ ሊፍት ነው። በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ዘንግ ጫፉ ላይ ክብ ሰሌዳ አለው። ሰሌዳውን በእግራችሁ መካከል አስገብታችሁ ትቆማላችሁ፣ እሱም ሽቅብ ይጎትታችኋል። የሁሉም ጀማሪ ስህተት ሰሌዳው ላይ መቀመጥ ነው። ወንበር አይደለም፣ ክብደታችሁን አይችልም፤ ቁጭ ካላችሁ ወዲያው መሬት ላይ ናችሁ። ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፋችሁ፣ ስኪዎቹን ትይዩ አድርጋችሁ፣ ቆማችሁ ተጎተቱ። ከወደቃችሁ ገመዱን ልቀቁና ቶሎ ከመስመሩ ውጡ፤ ከኋላ ሌላ ሰው እየመጣ ነው።

በረዶው የሚገኘው የት ነው፣ መቼ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ገንዘብ ከፍሎ በረዶ ማጣትን የመሰለ የሚያበሳጭ ነገር የለም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ከፍታ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የኦስትሪያዋ ኪትዝቡሄል ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 760 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፈረንሳዩ ቫል ቶራንስ ደግሞ 2,300 ሜትር ላይ ነው። በመካከላቸው ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት አለ ማለት ነው። ታች ዝናብ ሲዘንብ ላይ በረዶ የሚጥለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የመንደሩን ከፍታ ብቻ አትዩ፤ ሊፍቱ የት ድረስ እንደሚወጣ ተመልከቱ። የስዊዘርላንዷ ዜርማት ራሷ 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ ሊፍቷ ግን 3,883 ሜትር ድረስ ይወጣል። እዚያ ላይ የበረዶ ግግር ስላለ ዓመቱን ሙሉ ስኪ አለ።

ከፍታ የራሱ ጣጣ አለው። ቫል ቶራንስ ዛፍ ከሚበቅልበት መስመር በላይ ነው። ጭጋግ ሲወርድ ሰማዩና መሬቱ አንድ ነጭ ይሆናል። ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር ዓይን አይለየውም። ዛፍ ያለባቸው ዝቅ ያሉ ተራራዎች ላይ ግን ግንዱ ለዓይን ማረፊያ ይሆናል፣ ነፋሱንም ይሰብራል። አየሩ ሲከፋ ላይኞቹ ሊፍቶች በነፋስ ይዘጋሉ፣ ከዛፍ መሀል ያሉት ይሠራሉ። እኔ ለጀማሪዎች የምመርጠው ሁለቱንም የያዘ ቦታ ነው፦ መንደሩ ደኑ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከደኑ በላይ።

ሌላው ጉዳይ የተራራው ፊት ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ሰሜን የሚያይ ቁልቁለት ፀሐይ ስለማያገኘው በረዶው ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ወደ ደቡብ የሚያየው ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል፣ ጠዋት እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ከምድር ወገብ በታች ነገሩ ይገለበጣል።

ሰው ሠራሽ በረዶስ? በአብዛኛው ሪዞርት በፒስቶቹ ዳር ውሃ በደቃቁ የሚረጩ ማሽኖች ተደርድረዋል። የሚሠሩት ግን አየሩ ሲፈቅድ ነው። ቅዝቃዜው ብቻ አይበቃም፣ ድርቀቱም ይቆጠራል። የውሃ ጠብታ ደረቅ አየር ውስጥ ሲበር ከፊሉ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው ጠብታ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎም በረዶ መሥራት ይቻላል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ግን ዜሮም ላይ አይሆንም። ሪዞርቱ "ፒስቶቻችን በሙሉ የበረዶ ማሽን አላቸው" ቢላችሁ ጥሩ ነው፤ ሞቃት ሳምንት ከመጣ ግን ማሽኑ ቆሞ ይውላል።

የአየር ንብረት ለውጡ ይህን ሁሉ እያከበደው ነው። ቦሊቪያ ውስጥ ቻካልታያ የሚባል ከ5,000 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ በዓለም ከፍተኛው የተባለ የስኪ ቦታ ነበር። የበረዶ ግግሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ዝቅ ያሉ የአውሮፓ ሪዞርቶችም ከዓመት ዓመት የተረጋገጠ በረዶ እያጡ ነው። የድሮ ፎቶ አይታችሁ አትወስኑ።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንምጣ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዋናው ወቅት ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው። ዲሴምበር መጀመሪያ ርካሽ ነው፣ በረዶው ግን ገና ያልተረጋገጠ ስለሆነ ቁማር ነው። ከአውሮፓውያን ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው እጅግ ውድና የተጨናነቀ ነው። ከዚያ አዲስ ዓመት ማግስት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ሰው ይቀንሳል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ በረዶው ጥሩ ነው። ቅዝቃዜው ግን ከባድ ነው፣ ቀኑም አጭር ነው። ፌብሯሪ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወር ነው። ፈረንሳይ ብቻዋን ተማሪዎቿን በሦስት ዞን ከፍላ እያፈራረቀች ስለምታሳርፍ የእሷ ተራሮች ለአራት ሳምንት ያህል ይሞላሉ። አሜሪካ ውስጥ የፌብሯሪ ሦስተኛ ሰኞ በዓል ስለሆነ ያንን ቅዳሜና እሑድ ሽሹ። ማርች ላይ ከታች የተከማቸው በረዶ ጥልቅ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ቀኑ ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ በረዶው ቢላላም ጠዋቱ ግሩም ነው።

ጀማሪ ካላችሁ የማርችን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ከፍ ባለ ቦታ እመክራለሁ። ስኪ መማር ማለት ብዙ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ በጃንዋሪ ቅዝቃዜ ቆሞ መጠበቅ ልብ ይሰብራል።

የልጆቻችሁ ዕረፍት ከጁን እስከ ኦገስት ብቻ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ያኔ የበረዶ ወቅቱ በደቡብ ነው። ቺሊ ውስጥ ፖርቲዮ፣ አርጀንቲና ውስጥ ባሪሎቼ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ በክዊንስታውን ዙሪያ ያሉ ተራሮች ይከፈታሉ። አፍሪካ ውስጥም ሌሶቶ ከ3,000 ሜትር በላይ አፍሪስኪ የሚባል ትንሽ ሪዞርት አላት። ሞሮኮም በአትላስ ተራሮች ላይ ኡካይመደን አላት፤ የእሷ ወቅት ግን እንደ አውሮፓ ነው።

ማረፊያና መንገድ

በአልፕስ ተራሮች አፓርታማ ብዙ ጊዜ የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። የዚህ ውጤት ቅዳሜ ቀን መንገዱ ላይ ይታያል፤ የሚመለሰውና የሚመጣው በአንዲት የሸለቆ መንገድ ይተላለፋል። በእሑድ ወይም በሳምንቱ መካከል የሚያስገባ ሆቴል ካገኛችሁ በአየር ማረፊያውም በመንገዱም ትገላገላላችሁ።

ለማረፊያ ስትመርጡ ከሊፍቱና ከስኪ ትምህርት ቤቱ ያለውን ርቀት በእግር ለኩት። ካርታ ላይ 500 ሜትር ቅርብ ነው። ሁለት ስኪ በትከሻ፣ ሁለት ዱላ በእጅ፣ ቁርጭምጭሚት በማያጥፍ ጠንካራ ቡት፣ የልጅ ስኪም ተጨምሮበት፣ በበረዶ ላይ 500 ሜትር ግን ሌላ ነው። ከክፍሉ ስፋት ይልቅ ለዚህ ብትከፍሉ አትጸጸቱም።

መኪና ከተከራያችሁ ሕጉን እወቁ። ፈረንሳይ በተወሰኑ ተራራማ አካባቢዎች ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት ታስገድዳለች። ሰንሰለቱን ጎማ ላይ ማሰር ከመውጣታችሁ በፊት በደረቅ መሬት ተለማመዱ። ዜርማት ደግሞ መኪና አታስገባም፤ ቴሽ በምትባል ጎረቤት መንደር አቁማችሁ በባቡር ትገባላችሁ። የመጨረሻው የበረራ ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ሌሊት ተራራ ከመውጣት በረራውን ማስቀደም ይሻላል።

ገንዘቡ የሚሄድበት

ከትራንስፖርትና ከማረፊያ ሌላ አራት ወጪ አለ፦ የሊፍት ትኬት፣ የዕቃ ኪራይ፣ ትምህርትና ኢንሹራንስ።

ትኬቱን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ብዙ ሪዞርቶች ዋጋቸውን እንደ አውሮፕላን ትኬት እየቀያየሩ ነው፤ በዕለቱ በመስኮት የሚሸጠው በጣም ውዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱ የከፋ ስለሆነ ኤፒክ ወይም አይከን የተባሉትን ባለብዙ ሪዞርት ፓስ ወቅቱ ሳይጀምር የሚገዛ ሰው ብዙ ያተርፋል። የትኬቱን ካርድ በግራ ኪስ፣ ከስልክ ራቅ አድርጋችሁ ለብቻው ያዙት። የሊፍቱ በር ካርድ ማንበቢያ ያለው ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ነው።

በትምህርት ላይ አትቆጥቡ። ጓደኛ ወይም ባል ወይም ሚስት ያስተምረኛል ማለት ጠብ መግዛት ነው። አስተማሪ እንዴት እንደሚወደቅ፣ እንዴት እንደሚነሳ፣ የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ እንዴት እንደሚቆም በመጀመሪያው ጠዋት ያሳያል። ጎበዞቹም እስከ ምሳ ነፃ ሆነው ይጫወታሉ። በተጨናነቁ ሳምንታት የቡድን ትምህርት ቀድሞ ስለሚሞላ ከማረፊያው ጋር አንድ ላይ አስይዙት።

ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አይገዛም፣ ይከራያል። ስኪው ለጀማሪ እስከ አገጭ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል ይበቃል፤ አጭር ስኪ ለመታጠፍ ይቀላል። ሰው ቸል የሚለው ቡቱን ነው፣ ሳምንቱን የሚወስነውም እሱ ነው። የስኪ ቡት የሚለካው በእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ቀጭን ካልሲ ብቻ አድርጉ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ሁለት ካልሲ አያሞቅም፤ ደም ያግድና እግር ይበልጥ ይበርዳል። የውስጥ ሱሪውን ቡቱ ውስጥ አትክተቱ፣ እጥፋቱ ቅልጥም ይቆርጣል። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእግር ጣታችሁ የቡቱን ጫፍ በስሱ መንካት አለበት። ጉልበታችሁን ወደ ፊት ስታጥፉ ደግሞ ጣታችሁ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ተረከዛችሁ ከተነሳ ቡቱ ሰፍቷል። ሠራተኛው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ አሥር ደቂቃ አድርጋችሁት ሱቁ ውስጥ ተራመዱበት። ካልተመቸ በማግስቱ መልሱና ቀይሩ፣ ኪራይ ቤቶች ለምደውታል።

ሠራተኛው ክብደታችሁን፣ ቁመታችሁን፣ ዕድሜያችሁንና ችሎታችሁን ሲጠይቅ እውነቱን ንገሩት። ቡቱን ከስኪው ጋር የሚያያዘው መቆለፊያ ስትወድቁ እንዲለቅ የሚስተካከለው በእነዚህ ቁጥሮችና በቡቱ ርዝመት ነው። ክብደት ቀንሶ የሚናገር ሰው ስኪው ያለ ቦታው ይወልቅበታል። ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚያጋንን ደግሞ ሲወድቅ ስኪው አይለቅም። ያኔ የሚጠመዘዘው ጉልበቱ ነው።

ልብሱን ደራርቡ፦ ላብ የሚያስወጣ ስስ የውስጥ ልብስ፣ በላዩ የሚያሞቅ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀር ይቅር። የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 10 ሲል በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ገላችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ያህል ነው። ሄልሜት አድርጉ። ጣሊያን ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ በሁሉም ዕድሜ ላይ ግዴታ አድርጋዋለች።

ፀሐዩን አትናቁት። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ አዲስ በረዶም እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል። ከላይም ከታችም ትቃጠላላችሁ ማለት ነው፤ የአገጭ ሥርና የአፍንጫ ቀዳዳ ዳር ሳይቀር ክሬም ይቀባል። ያለ መነጽር የዋለ ዓይን ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥላል። የቆዳው ቀለም የጠቆረ ሰውም ዓይኑ ከዚህ አያመልጥም።

ኢንሹራንስ

ይህን ክፍል ዘልላችሁ እንዳትሄዱ እለምናችኋለሁ። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ስኪን አይሸፍንም። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና ኢንሹራንስም ቪዛውን ስላስገኘ ብቻ ተራራ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ውሉን አውጡና "የበረዶ ስፖርት" የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ከተራራ ማንሳት፣ ሄሊኮፕተርን ጨምሮ፤ ከፒስት ውጭ መንሸራተት፤ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ተጠያቂነት። የመጨረሻው ጣሊያን ውስጥ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በፒስት ላይ ለሚንሸራተት ሁሉ በሕግ ግዴታ ነው። ሄልሜት ካላደረጋችሁ ወይም አልኮል ከጠጣችሁ አንከፍልም የሚል አንቀጽም ሊኖር ይችላል፣ አንብቡት።

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው እስከ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ይገባል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። የበረዶ ወቅት ቀጠሮ ስለሚጣበብ ስድስት ወሩን ተጠቀሙበት። ማረፊያውንም ቪዛ ካልተገኘ ገንዘብ በሚመልስ ውል ያዙ።

ተራራው ላይ

ከ2,500 ሜትር በላይ የሚያድር ሰው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት። ኮሎራዶ ውስጥ እንደ ብሬከንሪጅ ያሉ ከተሞች ራሳቸው ከ2,900 ሜትር በላይ ናቸው። ከዝቅተኛ ቦታ የምትመጡ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን አረፍ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ሕመሙ ከበረታ ወደ ታች ውረዱ።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አደገኛ ነው። ልብ ደፍሯል፣ ጭን ደክሟል። "አንድ የመጨረሻ ዙር" ስትሉ ተዉት። ግማሽ ቀን ዕረፍት አስቀድማችሁ ዕቅዱ ውስጥ አስገቡ። ስኪ የማይወድ ሰው ካላችሁም የእሱን ቀን አስቡለት፤ የእግር ጉዞ በበረዶ ጫማ፣ መንሸራተቻ ጋሪ፣ የበረዶ ሜዳ ላይ ስኬቲንግ አለ። በስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ እ.ኤ.አ. በ1864 ዮሃነስ ባድሩት የተባለ ባለሆቴል እንግሊዛውያን እንግዶቹን በበረዶ ወቅት ኑ ብሎ እንደጋበዘ ይተረካል። እነሱም የመጡት ለስኪ አልነበረም፣ ለፀሐዩና ለበረዶው ጨዋታ ነበር።

ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣቸው አሥር የሥነ ምግባር ደንቦች አሉ። ዋናው፦ ከፊት ያለው ቅድሚያ አለው። እሱ ከኋላው አያይም፣ እናንተ ታዩታላችሁ፤ ስለዚህ መንገድ መምረጥ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ሲነሱ ወደ ላይ መመልከት፣ በጠባብ ቦታ ወይም ከላይ በማይታይ ጉብታ ሥር አለመቆም፣ አደጋ ሲያዩ መርዳትም ደንቦቹ ውስጥ ናቸው።

ከፒስት ውጭ ያለው ያልተነካ በረዶ ያጓጓል። የሰው ዱካ ማየት ግን ዋስትና አይደለም። የበረዶ ናዳ ስጋት ከ1 እስከ 5 በደረጃ በየቀኑ ይለጠፋል። 3 ቁጥር መሀል ስለሆነ መካከለኛ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ብዙ ሰው የሚሞትበት ደረጃ ነው። ሰው የሚገድሉ ናዳዎች አብዛኞቹ የሚነሱት በራሱ በተጎጂው ወይም አብሮት ባለ ሰው ክብደት ነው። የተቀበረን ሰው በሕይወት ለማግኘት ያለው ዕድል ከመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚያድናችሁ አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁ ነው። ምልክት የሚልክ መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ሁላችሁም ሳትይዙ፣ አጠቃቀሙንም ሳትማሩ፣ ያለ አስጎብኚ አትውጡ። ለመጀመሪያ ጉዞ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት።

ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ ከላይ የሚመጡትን አስጠንቅቁ። ከተጎጂው በላይ በኩል ሁለት ስኪዎችን አጣምራችሁ በረዶው ላይ በመስቀል ቅርጽ ትከሉ። ቡቱን አታውልቁለት፣ አታንሱት፣ ጃኬት ደርቡለት። ከዚያ የፒስት ጠባቂዎችን ጥሩ። ስልካቸው ካርታው ላይ አለ፤ አውሮፓ ውስጥ 112ም ይሠራል። የፒስቱን ስምና በዳር የተተከለው ምሰሶ ላይ ያለውን ቁጥር ንገሯቸው። የጠባቂዎቹን ስልክ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሊፍት ከመግባታችሁ በፊት ሁላችሁም ስልካችሁ ውስጥ መዝግቡት።